የምክር ዓምድ፦ ፊርማውን ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ሲያትል 12ኛ እና ጃክሰን አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ጀበናና ስኒ እሸጣለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከከፈትናት ብዙ ዓመት ሆነን። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህችው ሱቅ ነው።

ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት በር ስከፍት መጀመሪያ የምይዘው መጥረጊያ ነው። ዕፅ የተጨሰበት የተቃጠለ ፎይል፣ የራሰ ብርድ ልብስ፣ አንዳንዴም ስሙን ልጠራው የማልፈልገው ነገር። የፊት መስታወቴ ሁለቴ ተሰብሯል። ኢንሹራንሱን ብጠይቅ የሚጨምሩብኝ ክፍያ ከመስታወቱ ይብሳል ብዬ ሁለቱንም ከኪሴ ከፈልኩ። ትልልቅ ሴቶች ደንበኞቼ «ልጄ ካላደረሰኝ አልመጣም» እያሉ ቀርተዋል። ማታ ባለቤቴ በሩን ሲቆልፍ እኔ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ መንገዱን እጠብቃለሁ።

አሁን ደግሞ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ሕንፃ ለጎዳና ተዳዳሪዎች መኖሪያ ሊሆን ነው ተባለ። ነጋዴዎቹ እንዳይከፈት ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። «አይበቃንም ወይ? ለምን ሁሌ እኛ ላይ?» ይላሉ። ባለቤቴ ፈርሟል። እኔ ነገ ዛሬ እያልኩ አለሁ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ነገሩን ሰምታ «ማሚ፣ አንቺም እኮ ስትመጪ ቤት አልነበረሽም» ብላ አኮረፈችኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ከሚያድሩት አንዱ የኛው ልጅ ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ብቻዬን ሳለሁ «እንደምን አደሩ እማማ» ይለኛል። አበሻ ደንበኛ ሲመጣ ግን ኮፍያውን ወደ ፊቱ ስቦ ወደ ግድግዳው ይዞራል። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ፈራሁ መሰለኝ።

ልፈርም? ፖሊስ ብጠራስ ኃጢአት ነው? ባለቤቴ ደግሞ የተረፈ ምግብ ስሰጣቸው «አንቺ ነሽ የምትጠሪያቸው» እያለ ይቆጣኛል። እሱንም አብረው ይንገሩኝ።

ግራ የገባት ባለሱቅ

*

እህቴ፣

ቶሎ የሚመለሰውን ቶሎ ልመልስልሽ። ፊርማውን አትፈርሚ። ፖሊስ ግን ስትፈልጊ ጥሪ። ሁለቱ የሚጋጩ ከመሰለሽ አይጋጩም። አንዱ ለዛሬ ማታ ነው፣ ሌላው ለከርሞ።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃትሽ። በር ሲቆለፍ ጀርባሽን ለግድግዳ መስጠትሽ ክፋት አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 ኖቬምበር ላይ፣ እዚያው እናንተ ሰፈር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ሰው በስለት እንደተወጋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የልጅሽ ርኅራኄ ይመሰገናል። ማታ ሱቁን የምትዘጊው ግን አንቺ ነሽ። መፍራትሽን ከሰው ጠል መሆን ጋር አታምታቺው፤ ልጅሽም አታምታታው።

«ለምን ሁሌ እኛ ላይ?» የሚሉት ጎረቤቶችሽም እንዲሁ አልተነሱም። በ1960ዎቹ አይ-ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ሰፈሩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት አለፈ። በ1970ዎቹ ደግሞ ትልቁ ስታዲየም ኪንግዶም ከጥጉ ተተከለ። ሁለቱም ሲሠሩ ነዋሪው ብዙ አልተሰማም። በ2022 ኪንግ ካውንቲ (ሲያትልን ያቀፈው የአካባቢ አስተዳደር) ከሰፈራችሁ ከቻይናታውን ጠርዝ፣ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ያለውን መጠለያ ላስፋ ሲል ሰፈሩ አደባባይ የወጣው ይሄ ሁሉ ቁርሾ ስላለ ነው። ዋናው ቅሬታ «ማንም አልጠየቀንም» የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው። ኦክቶበር ላይ ካውንቲው ሐሳቡን ተወ። ከዚያስ? ሊጨመር የነበረው አልጋ ሳይጨመር ቀረ። ጎዳና ላይ የነበረው ሰው ግን የትም አልሄደም። አንቺም በማግሥቱ ያው መጥረጊያሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ተቃውሞ ማሸነፍና መንገድ መጽዳት ለየቅል ናቸው የምልሽ ለዚህ ነው።

ከተማው ምንም አልሠራም እንዳትይ ደግሞ፣ ሠርቷል። በ2015 ኖቬምበር የሲያትል ከንቲባና የኪንግ ካውንቲ አስተዳዳሪ በአንድ ቀን የቤት አልባነት አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ከዚያ ወዲህ ከንቲባው ኤድ መሪ ሄደ፣ ጄኒ ደርካን መጥታ ሄደች፣ ብሩስ ሃረል መጥቶ ሄደ፣ አሁን ኬቲ ዊልሰን ናት። በ2024 የተደረገው ቆጠራ በካውንቲው 16,868 ቤት አልባ ሰው አገኘ። ቆጠራው የሚደረገው በጥር ብርድ ነው፤ ስንቱ ተደብቆ እንደሚያልፍ አስቢው።

አንቺ ያለሽበት ጥግ ላይ የተሞከረውን ደግሞ በዓይንሽ አይተሻል። በ2022 መጀመሪያ ፖሊስ ትልቁን መኪናውን አምጥቶ 12ኛና ጃክሰን ላይ አቆመ። የተሰረቀ ዕቃ የሚቸረቸርበት፣ ፎይል የሚጨስበት ገበያ ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ደስ አለን። ግን ሰዎቹ ጠፉ እንዴ? ጥቂት መንገድ ፈቀቅ አሉ፤ መኪናው ሲነሳ ቀስ በቀስ ተመለሱ። በ2024 ደግሞ በዕፅ የተከሰሰን ሰው ዳኛ «እዚህ አካባቢ ድርሽ እንዳትል» ብሎ ማገድ እንዲችል የከተማው ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ያንቺ ሰፈር ከተከለሉት ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ፣ መጠለያ ባይኖር እንኳ ከተሞች ውጭ ያደረን ሰው መቅጣት ይችላሉ ብሎ ፈረደ።

እነዚህ ሁሉ ሰውን የማንቀሳቀስ ሥልጣን ናቸው። ወዴት ይንቀሳቀስ ለሚለው መልስ የላቸውም። ፖሊስ በዋለበት ቀን ሰፈሩ ጸጥ ይላል፤ ይሄ ውሸት አይደለም፣ ላንቺም ያ ቀን ዋጋ አለው። ግን ማደሪያ የሌለው ሰው ከአንቺ በር ሲነሳ የሚቀመጠው ሌላ ባለሱቅ በር ላይ ነው። ያቺ ባለሱቅ ስትጮህ ደግሞ ወደ አንቺ ይመለሳል።

«ችግሩ ዕፁ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም» የሚሉሽ አሉ። ፊርማ የሚያሰባስቡትም ሳይሉሽ አይቀሩም። ዌስት ቨርጂኒያን አስቢልኝ። በአገሪቱ በዕፅ ብዛት ሰው ከሚሞትባቸው ግዛቶች ግንባር ቀደም ናት። መንገድ ላይ የሚያድረው ሰው ግን ከሲያትል ጋር አይወዳደርም። እዚያ ሱሰኛ የለም ማለት አይደለም። እዚያ ኪራይ ርካሽ ስለሆነ ሱሰኛውም ቤቱ ገብቶ ያድራል። እዚህ መጀመሪያ ቤቱን ያጣና ውርጩን ለመርሳት ፎይሉን የሚያነሳም ሞልቷል።

አሁን ወደዚያ ሕንፃ። ይከፈታል የተባለው፣ እንደጻፍሽልኝ፣ መጠለያ ሳይሆን መኖሪያ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። መጠለያ ማለት ብዙ ቦታ ማታ ገብተሽ ጠዋት የምትወጪበት የጋራ አዳራሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰዉ ደጅሽ ላይ ይውላል። መኖሪያ ማለት ግን የራስ ክፍል፣ የራስ ቁልፍ፣ የራስ ሽንት ቤት፣ ሕንፃው ውስጥ ደግሞ ሌት ተቀን ሠራተኛ አለ ማለት ነው። ሽንት ቤት ያለው ሰው ግድግዳሽ ላይ አይሸናም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው።

ሲያትል በዚህ ነገር ጀማሪ አይደለችም። በ2005 ኢስትሌክ ጎዳና ላይ 75 ክፍል ያለው ሕንፃ ተከፈተ። የገቡት የከተማው የለየላቸው ጠጪዎች ነበሩ፤ በየቀኑ በአምቡላንስ የሚነሱ፣ ፖሊስ ስማቸውን በቃሉ የሚያውቃቸው። አትጠጡ እንኳ አልተባሉም። ያን ጊዜም የአካባቢው ባለንብረቶች ነገሩን ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውት ነበር። በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ነዋሪዎቹን ተከተላቸው። ከመግባታቸው በፊት በእስር ቤት፣ በሆስፒታልና በመሳሰለው በአንድ ሰው በወር 4,066 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር። ከዓመት በኋላ 958 ሆነ። ሳይከለከሉም መጠጡን ቀነሱት። እርግጥ ያ አልኮል ነው። ፎይል ላይ የሚጨሰው ፈንታኒል የሚባለው ዕፅ ከዚያ የከፋ አውሬ ነው፤ ሁሉም ሕንፃ እንደዚያኛው ያምራል ብዬ አልዋሽሽም። አያያዙ የተበላሸ፣ ሠራተኛ በየወሩ የሚለቅበት፣ አምቡላንስ የማይጠፋበት ሕንፃ አይቻለሁ። ጠቡ መሆን ያለበትም እዚህ ላይ ነው፤ እንዴት ይያዛል በሚለው ላይ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ገንዘቡን እየከፈልሽ ነው። በ2020 ካውንቲው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ብሎ ሽያጭ ታክሱ ላይ 0.1 ፐርሰንት ጨምሯል። እንጀራና በርበሬ ላይ ታክስ የለም። ጀበና ስትሸጪ ግን ከየ10 ዶላሩ አንድ ሳንቲም ለዚሁ ትሄዳለች። ባለቤትሽ የቤት ግብር ከከፈለም፣ በ2023 መራጩ ለሰባት ዓመት ያጸደቀው 970 ሚሊዮን ዶላር የቤት ግንባታ ግብር ውስጥ አለበት። ሬኒየር ላይ የኛ ማኅበር ለአረጋውያን በአቅም የሚከራይ ቤት ሲያሠራ ሁላችንም አጨብጭበናል። እኛም የዚህ ዓይነቱ ሥራ ተጠቃሚዎች ነን። ስለዚህ «አልፈልግም» ከማለት «የከፈልኩበትን አሳዩኝ» ማለት ያዋጣሻል።

እና ምን ልበል ካልሽኝ፣ አንዲት ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ክፍሎቹ የሚሰጡት ለማን ነው?

ይህን ፊርማ አሰባሳቢዎቹ አልጠየቁም። ክፍሉ የሚታደለው ከጠቅላላ ካውንቲው ዝርዝር ከሆነ፣ ከሌላ ሰፈር ሰው መጥቶ ይገባና ያንቺ ጥግ እንደነበረው ይቀራል። ያኔ ጎረቤቶችሽ «አላልንም?» ይላሉ፣ ትክክልም ይሆናሉ። ቅድሚያ 12ኛና ጃክሰን ላይ ለሚያድሩት ከተሰጠ ግን ለውጡን በዓይንሽ ታይዋለሽ። የሌለ ነገር አይደለም። ዉድላንድ ፓርክ የነበረውን የድንኳን ሰፈር ከተማው የዘጋው መጀመሪያ የነዋሪዎቹን የስም ዝርዝር ይዞ፣ ወራት ፈጅቶ፣ አንድ በአንድ ቦታ እየፈለገላቸው ነው። በኮቪድ ጊዜም እናንተው ሰፈርና ፓዮኒር ስኩዌር በድንኳን የነበሩ ሰዎች እንዳሉ ወደ ሆቴል የገቡበት ፕሮግራም ነበር። ገንዘቡ አለቀና ቆመ።

ስለዚህ ከፊርማው ይልቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ጎረቤቶችሽ ይስማሙ፣ አብራችሁ አቅርቡት። ቅድሚያ ለዚህ ጥግ ሰዎች ይሁን። ማታ ስንት ሠራተኛ ነው የሚያድረው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብደውል ስልክ የሚያነሳው ማነው? ማጨሻው በጓሮ ነው ወይስ ወደ እኛ በር? የእግረኛ መንገዱን ማን ይጠርጋል፣ እስከ የትኛው ጥግ? ይሄ ሁሉ በጽሑፍ ይፈረምና ቃል የገባው በየወሩ ከነጋዴው ጋር ይቀመጥ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ የጎረቤት ስምምነት የተለመደ ነው፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አምጥቶ አይሰጥሽም።

ስብሰባ ሲጠሩ ሂጂ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም እንዳትዪኝ። አማርኛ ሲያትል ከተማ ቀዳሚ ብሎ ከመደባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ቀደም ብለሽ ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነፃ ነው። እኛ ሰዎች ቡና ላይ ስንት እናወራለን፣ ማይክ ሲሰጠን ግን ዓይናችን መሬት መሬት ያያል። አንቺ ተናገሪ። ፎይል የሚጠርግ ሰው ሲናገር ባለሥልጣኑ ቀና ብሎ ይሰማል።

አሁን ስለ ዛሬ ማታ።

አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ከሆነ፣ ሰው ከመታ፣ መስታወት እየሰበረ ከሆነ 911 ደውዪ። ሲያነሱ «አምሃሪክ» በያቸው፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፤ ምን ለብሷል፣ ምን ይዟል፣ ወዴት ሄደ። ሰውየው አእምሮው የታወከ ከሆነና ማንንም ካልነካ ያንንም ጨምሪ። ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ከተማው ኬር የሚባል ክፍል አለው፤ መሣሪያ ያልያዙ፣ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች ይልካል። ጥሪው በ911 በኩል ነው። ራሱን ሊጎዳ የሚፈልግ ሰው ሲያጋጥምሽ ደግሞ 988 የሚባል የስልክ መስመር አለልሽ። ይህን ሁሉ ማድረግ ኃጢአት አይደለም። ሰውየውንም ከባሰ ነገር ታድኚዋለሽ።

ትናንት የተሰበረ መስታወት ግን የ911 አይደለም፣ አስቸኳይ ላልሆነው በተለየው የፖሊስ ስልክ አስመዝግቢው። «ምን ያመጣልኛል?» ብለሽ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብለሽ ይሆናል። ከተማው ፖሊስ የሚመድበው በተመዘገበው ልክ ነው፤ ያልተመዘገበ መስታወት እንዳልተሰበረ ይቆጠራል። ደግሞ የከተማው የኢኮኖሚ ልማት ቢሮ ለትንንሽ ንግዶች የሱቅ መስታወት ማስጠገኛ ገንዘብ ሲሰጥ ነበር። አሁን ክፍት መሆኑን ደውለሽ ጠይቂ። የተሰበረውን ፎቶ አንሺ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ አትጣዪ። ሁለት መስታወት ከኪስሽ መክፈልሽ አንጀቴን በልቶኛል።

ከጎን ካሉት ባለሱቆች ጋር ተነጋግራችሁ በተመሳሳይ ሰዓት ዝጉ። ሦስት በር አብሮ ሲቆለፍ ለብቻ መቆም ይቀራል። ባለቤትሽ ካሸር ሥር ያስቀመጠው ዱላ ካለ (እንዳለ እገምታለሁ፣ የአበሻ ሱቅ ነው) ቤት ይውሰደው። የሃያ ዶላር ዕቃ ይዞ የሚሮጥን ሰው አትከተሉ።

ናርካን ግን ሱቅ ውስጥ ይኑርሽ፤ በዕፅ ብዛት ትንፋሹ ያቆመን ሰው የሚመልስ፣ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይሸጣል፤ በነፃ የሚያድሉም አሉ። ሰው ወድቆ ስታገኚ ትከሻውን ነቅንቀሽ ጥሪው። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት ከሆነ ጊዜ የለም። 911 ደውዪ። በጀርባው አስተኝተሽ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና አድርገሽ ስፕሬዩን አንድ አፍንጫው ውስጥ አስገብተሽ እስከ መጨረሻው ተጫኚ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀሽ ካልተነፈሰ ሁለተኛውን። መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኚው፣ ከዚያ ፈቀቅ በዪ፤ ሲነቃ ሊበሳጭ፣ ሊወራጭ ይችላል። ሕጉ አስቦ የረዳን ሰው ይከላከላል። ባለቤትሽም ይማረው፤ ዕፅ የማይነካ ቤተሰብም ውስጥ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

ልጁ ላይ ደረስን።

የማን ልጅ እንደሆነ አለመጠየቅሽ ጥሩ ነው። አሁንም አትጠይቂው። ፊቱን የሚያዞረው ያን ጥያቄ ፈርቶ ነው። እኛ መሀል አንድ ሰው «የእገሌ ልጅ እኮ ጃክሰን ላይ...» ካለ እስከ እሁድ ቅዳሴ መውጫ ድረስ አትላንታም ዲሲም ይደርሳል። ፎቶውን አንስቶ «ቤተሰቡን አፋልጉኝ» ብሎ ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ በጎ አሳቢ ደንበኛ ካለሽ እጁን ያዢው። ልጁ ያንን ካየ ሰፈሩን ይለቃል፣ አንቺም ዳግመኛ አታገኚውም።

ስሙን ጠይቂው። የቤት ስሙን ሳይሆን ምን ብዬ ልጥራህ ብለሽ። ሌላ ቀን መታወቂያ እንዳለው ጠይቂው። ጎዳና ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ቦርሳና መታወቂያ ነው፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ክፍልም፣ ሥራም፣ ባንክም የለም። ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርግ ፍቀጂለት። ጉዳዩን የሚከታተልለት ሠራተኛ (ኬዝ ማናጀር) ሲደውል የተዘጋ ስልክ ስንቱን ሰው ተራውን አስቀርቶታል።

ዕድሜው ያልሽው ከሆነ መቸኮል አለበት። ዩዝኬር የሚባለው ድርጅት እስከ 24 ዓመት ያሉትን ይቀበላል፤ የወጣቶች አልጋ፣ ትምህርት፣ ሥራ አለው። 25 ሲሞላው ያ በር ይዘጋና ከትልልቆቹ ጋር ነው የሚሰለፈው። የእርዳታ መረጃ የሚሰጠው 211 ደውለሽ «ለአንድ ወጣት ነው» ብትዪ መንገዱን ይነግሩሻል። ግን እሱ እሺ ሳይል አትደውዪ። ዛሬ እምቢ ቢል ሳምንት ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቅሽ ይሆናል።

ፎይሉን የሚያነሳ ከሆነ፣ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከሱሱ ስቃይ ያሳርፋል። ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ቀንም ሌሊትም በስልክ ሐኪም የሚያዝበት መስመር ከ2024 ጀምሮ አለ። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ሰዎች አንድ ነገር ልናገር። ጸበል ይጠመቅ የሚሉሽ ይኖራሉ። ይጠመቅ፣ ማን ከለከለ። ግን «ጸበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም» ብለው መድኃኒቱን እንዳያስጥሉት። አገር ቤት ይላክ የሚሉም አሉ። ሰው ለወራት ከዕፁ ርቆ ሲቆይ ሰውነቱ መልመዱን ይረሳል። ተመልሶ የድሮውን ያህል የወሰደ ቀን ይሞታል። ስንት እናት ልጇን «ድኖልኝ መጣ» ብላ ከኤርፖርት ተቀብላ በወሩ ቀብራለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንቺ ብቻሽን ተሸከሚው እያልኩሽ አይደለም። እናቱ አይደለሽም። ማለዳ ማለዳ ሰላም የምትዪው ሰው ነሽ፣ እሱ ይበቃል። ሰፈሩ ውስጥ ለዚህ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ እየዞሩ የሚያነጋግሩ ሠራተኞች አሉ። አንዱን ስታዪ ስልኩን ተቀበዪ፣ ልጁ እሺ ባለ ቀን ለእሱ ደውዪ።

ልጅሽን ስብሰባው ላይ ይዘሻት ሂጂ። ኩርፊያዋን ትታ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ትጻፍልሽ። ባለቤትሽ ፈርሟል፣ ይሁን፣ በዚህ ምክንያት ቤት አይፈርስም። ፊርማው ላይ «አትክፈቱ» ብሎ ደብዳቤው ላይ «ከከፈታችሁ እንዲህ አድርጉ» ቢል የሚከስሰው የለም።

የተረፈውን ምግብ በተመለከተ ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። በር ላይ በማንኛውም ሰዓት ለመጣ ሁሉ ከተሰጠ ሰው ይሰበሰባል፣ ትርፉም መንገድ ላይ ይበተናል፣ የምትጠርጊው አንቺ ነሽ። ግን በምግብ ምክንያት ቤት ያጣ ሰው የለም፤ እዚያ ያሉት ያንቺን ሽሮ ፈልገው አልመጡም። ብዙ ከተረፈሽ በየቀኑ ምግብ የሚያድሉ ቦታዎች ስላሉ እዚያ ይወሰድ። ለዚያ ልጅ ግን ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ፣ ሌላ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ሰሃን ላይ ሳይሆን በሚታሰር ነገር አድርገሽ ስጪው። ኮፍያውን ሳይስብ ይቀበልሻል።